ስለ ተጠባባቂ ጦር አጠራርና አመላለስ

የአንድ መንግሥት የጦር ኃይል በዘወትር ወታደሩ ብዛት ብቻ አይመዘንም፡፡ ዘወትር በሰፈር የሚቀመጠው ወታደር የመጀመሪያዎቹን ወራት ይመክታል፤ ጦርነቱ ሲረዝም ግን ሸክሙን የሚሸከመው ትናንት በሬ ጠምዶ ይውል የነበረው ገበሬ፣ በሱቁ ተቀምጦ የነበረው ነጋዴ፣ በትምህርት ላይ የነበረው ወጣት ነው፡፡ እነዚህን ሰዎች በምን ሕግ መጥራት፣ በምን ሥርዓት ማሠልጠን፣ ቤታቸውን በምን መጠበቅ፣ ኋላም መቼ ወደ ቤታቸው ማሰናበት እንደሚገባ አስቀድሞ ያልቈረጠ መንግሥት፣ ጠላት ከደጅ በደረሰ ጊዜ የሚያገኘው ሕዝብ እንጂ ሠራዊት አይደለም፡፡ ሕዝብና ሠራዊት ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ሕዝብ ሠራዊት እስኪሆን ድረስ ጊዜ፣ ስንቅ፣ አለቃና መዝገብ ያስፈልገዋል፡፡

ለዚህ ነገር ምስክር ለማግኘት ባሕር መሻገር አያሻም፡፡ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚወጣ ሰው በቡራዩ በኩል ገፈርሳን ያገኛል፡፡ የዋና ከተማው ነዋሪ ገፈርሳን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ከግድቡ በሚወርድለት የመጠጥ ውሃ ነው፤ አገሩም ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ ገብቶ ይቈጠራል፡፡ ከዚያው ሜዳ አጠገብ ግን ታጠቅ የተባለው የጦር ሰፈር በ1969 ዓ.ም. እልፍ አእላፍ የገጠር ሰው ሰፍሮበት ነበር፤ ስሙም የአጤ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም ያስታውሳል፡፡ የመንደርን ሰው በብዛት ጠርቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወታደር ለማድረግ በኢትዮጵያ ከተደረጉት ሙከራዎች አንደኛው የተፈጸመው በዚህ ስፍራ ነው፡፡ ሙከራው ደግ ወገንም ክፉ ወገንም ነበረው፤ ለሹማምንትም ለሊቃውንትም ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፡፡

ከታጠቅ አንድ ዓመት አስቀድሞ የሆነውን ማስታወስ ግድ ነው፡፡ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደርግ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሸዋ ገበሬዎችን ሰብስቦ ወደ ኤርትራ ሊያዘምት አሰበ፤ ዘመቻውም ራዛ ተባለ፡፡ ከተጠሩት ብዙዎቹ በእጃቸው የያዙት ከአባት የወረሱትን አሮጌ ጠመንጃ፣ ጦርና ዱላ ነበር፡፡ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ ከኋላቸውም ስንቅና ሐኪም በሥርዓት አልተዘጋጀም፡፡ ገና ወደሚዋጉበት አገር ሳይገቡ በትግራይ በሰፈሩበት ቦታ አደጋ ወደቀባቸውና ተበተኑ፤ ዘመቻውም በዚያው ቀረ፡፡ በዚያ ዘመቻ የወደቀው ሰው ፈሪ አልነበረም፡፡ ሰው ሳይሰናዳለት ተጠራ፤ ጥፋቱም የጠሪው ነው፡፡

በ1969 ዓ.ም. ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ተያዘ፡፡ ሚያዝያ 4 ቀን የእናት አገር ጥሪ ታወጀ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው በታጠቅ ተሰበሰበ፤ አንድ ዓይነት ልብስ ለበሰ፤ በብርጌድና በክፍለ ጦር ተደለደለ፤ ለጥቂት ወራትም ቢሆን ሰልፍና ተኩስ ተማረ፤ በኋላም ከሶቪየት ኅብረት የመጣው መሣሪያ ታደለው፡፡ በሰኔ ወር በአዲስ አበባ በአብዮት አደባባይ ሲሰለፍ ያየው ከተሜ ብዛቱን አይቶ ተደነቀ፡፡ ይህ የሚሊሺያ ጦር በጠቅላላው እስከ 300,000 ይደርስ እንደ ነበር ይቈጠራል፡፡ በሐምሌ ወር የሶማሊያ ጦር በግልጥ ወደ ኦጋዴን ሲገባና ኋላም ጅጅጋን ሲይዝ፣ የዘወትሩ ጦር ብቻውን ሊችለው ያልቻለውን ሰፊ ግንባር የሸፈነው ይኸው ከታጠቅ የወጣው ገበሬ ነው፡፡ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ጅጅጋ ስትመለስ፣ ከመደበኛው ጦርና ከኩባ ወታደሮች ጋራ የድሉ ባለቤት ሆነ፡፡

የራዛው ገበሬና የታጠቁ ገበሬ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ አንድ እንጀራ በልተው አድገዋል፡፡ በሁለቱ ዓመታት መካከል የሰው ድፍረት አልጨመረም፤ የጨመረው ሥርዓት ነው፡፡ ለሥርዓቱም አንድ ብዙ ሰው የማያነሣው ምክንያት አለ፡፡ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት የገበሬ ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቁመው ነበርና፣ በየመንደሩ ማን እንዳለ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ ስንት ልጆች እንዳሉት፣ በቤቱ ሌላ የሚያርስ ሰው መኖሩን የሚያውቅ ሸንጎ ተገኘ፡፡ የዘማቹን ማሳም ማኅበሩ እንዲያርስለት ይጠበቅ ነበር፡፡ በአንዳንድ ቦታ ይህ በደንብ ተፈጸመ፤ በሌላው ቦታ ግን የዘማቹ ሚስት በጎረቤት በሬ ስትለምን ከረመች፡፡ ይሁንና ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ ተጠባባቂ ጦር ከመንደር መዝገብ ይወጣል እንጂ ከመንገድ ላይ አይለቀምምና፡፡

ስሕተቱ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው፡፡ ገበሬው የተጠራው ድንበር ጥሶ በገባ ጠላት ላይ ነበር፤ ጠላቱም ተመለሰ፡፡ ነገር ግን የሚመለስበት ቀን በጥሪው ላይ አልተጻፈም ነበርና፣ ከካራማራ የተረፈው ሰው በመኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ፡፡ በዚያም ለአንድ ዘመቻ የመጣው ሚሊሺያ ቀስ በቀስ ከመደበኛው ጦር ጋራ ተቀላቀለ፤ መደበኛ ወታደርም ሳይባል፣ ገበሬም ሆኖ ሳይመለስ ዓመታት አለፉ፡፡ በ1974 ዓ.ም. ቀይ ኮከብ የተባለው ዘመቻ በናቅፋ ተራሮች ፊት ሲቆም፣ በምሽጉ ውስጥ በ1969 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት ይመስለው የነበረውን ሥንቅ ቋጥሮ ከቤቱ የወጣ ሰው ገና ነበረ፡፡ ሚስቱ ወጣት ሆና ሸኝታው ነበር፤ ልጁም አባቱን በስም ብቻ እያወቀ አደገ፡፡ እንዲህ ያለው ወታደር በጦር ሜዳ ላይ አይከዳም ይሆናል፤ ነገር ግን ከአለቃው ቃል ላይ እምነቱ ተነሥቷል፤ እምነቱ የተነሣበትን ወታደር በሌላ አዋጅ መመለስ አይቻልም፡፡

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ሲወጣ በወረቀት ላይ ይህን ጉድለት የሚያርም ይመስል ነበር፡፡ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ሰው 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ በቤቱ እንዲኖር አዋጁ ደነገገ፡፡ አዋጁን ብቻ ያነበበ ሰው በሌሎች መንግሥታት ዘንድ ከሚሠራበት ሕግ የሚያንስ ነገር አያገኝበትም፡፡ አፈጻጸሙ ግን የተለየ ሆነ፡፡ ሁለቱ ዓመት ለብዙዎች ማብቂያ የሌለው ሆነ፤ ለየቀበሌው የሚሞላ ቍጥር ተቈረጠለት፤ የቀበሌው ሹም ቍጥሩን ለመሙላት ሲጨንቀው በሌሊት ቤት ማንኳኳት፣ በገበያ ቀን መንገድ መዝጋት ጀመረ፡፡ ሕዝቡም ለነገሩ አፈሳ የሚል ስም አወጣለት፡፡ እህል ይታፈሳል፤ ሰው ሲታፈስ ግን ሕግ የለም ማለት ነው፡፡ ገንዘብ ያለው ልጁን ሸሸገ፤ የሌለው ልጁን ሰጠ፤ ልጅ የሌለውም በልመና የመጣ መንገደኛ አስያዘ፡፡ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለመላጨት ያልደረሱ ልጆች ሳይቀሩ ወደ ማሠልጠኛ ገቡ፡፡ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የደረሰው ሽንፈት፣ በግንቦት 1981 ዓ.ም. የጄኔራሎቹ ሙከራና ቅጣታቸው፣ ኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሆነው ሁሉ ብዙ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ ይባል የነበረ ሠራዊት በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ጤዛ የቀለለው የሰው ቍጥር ጐድሎት አልነበረም፡፡

የቀድሞዎቹ ኢትዮጵያውያን ስለ ዘማች ጦር የነበራቸው ልማድ ከዚህ ይልቅ ጥበብ የነበረበት መሆኑን ሰው ይዘነጋል፡፡ ልማዱ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ የጻፈው ዝናብ ነው፡፡ ዘመቻ መስቀል ከጠባ በኋላ ይወጣል፤ ክረምት ሳይገባ ይመለሳል፡፡ ርስት ያለው ሰው ስለ መሬቱ ይዘምታል፤ ገንደበል የሚባለው ባለ መሬት ድንኳንና ስንቅ በአጋሰስ ይጭናል፤ እያንዳንዱም በሶውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን ይዞ ይወጣል፡፡ ጠሪውም ተጠሪውም የዘመቻውን ወሰን ያውቃሉ፤ ወሰኑ ሰው ሊሽረው የማይችል የእርሻ ወራት ነውና፡፡ አጤ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ባሉ ጊዜ የሸዋን ጦር በወረኢሉ እንዲጠብቃቸው፣ ሌላውም በየመንገዱ እንዲደርስ ቀን ቈርጠው፣ በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ድል ሆነ፡፡ አምስት ወር መሆኑ ነው፡፡ ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ከብቱን ያለቀበት፣ በክፉ ቀን የተራበ አገር ይህን ያህል ጦር አምስት ወር መመገቡ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ሆኖም በየካቲት ወር ስንቁ እያለቀ፣ አገሬውም ማብላት እያቃተው ስለ ነበር፣ ውጊያው ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሠራዊት ሳይዋጋ ሊበተን ይችል እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ፡፡ ስለ አድዋ ድል ሲነገር ይህ ነገር ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ለጦር ሹም ግን ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው እርሱ ነው፡፡

በ1928 ዓ.ም. የሆነው ያንኑ ልማድ በረዘመ ጦርነት ፊት አቆመው፡፡ መስከረም 22 ቀን ኢጣሊያ መረብን ስትሻገር የክተት ነጋሪት ተጐሰመ፤ የማዕከላዊው ጦርም በራስ ሙሉጌታ ሥር በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሰሜን ተጓዘ፡፡ በየካቲት ወር በአምባ አራዶም፣ መጋቢት 22 ቀንም በማይጨው የተዋጋው ሰው ጀግንነቱን ጠላቱም መስክሮለታል፡፡ ነገር ግን አገሩ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠርቶ ነበርና፣ ያ መስመር ሲሰበር ከኋላው የቆመ ሁለተኛ ረድፍ አልነበረም፡፡ በሆለታ የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ መኰንን ሆኖ ሌላውን ሊያሠለጥን የሚችለው ጥቂት ነበር፡፡ ተጠባባቂ የሚባለው ነገር ትርጕሙ ይህ ነው፤ ያልተጠራ ነገር ግን ለመጠራት የተሰናዳ ሰው ማለት ነው፡፡ ሁሉ በአንድ ቀን ከተጠራ የሚጠብቅ የለም፡፡ ከዚያ በኋላ አርበኞች በየዱሩ አምስት ዓመት መቆየታቸው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል፡፡ ከእነርሱ ብዙዎቹ የተዋጉት በተወለዱበት አገር ነው፤ ቤተሰቡ ቅርብ ነው፤ ሲቻል ያርሳል፤ የውስጥ አርበኛው ስንቅና ወሬ ያቀብለዋል፤ ሲደክም ሌላው ይተካዋል፡፡ ማንም በአዋጅ ሳያዝዘው ፈረቃን አገኘ፤ ፈረቃም አምስት ዓመት አቆመው፡፡

ለሊቃውንት ደግሞ ይህ ነገር አዲስ አይደለም፡፡ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ንጉሥ ዳዊት ሠራዊቱን በ12 ክፍል ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 24,000 ሰው መድቦ፣ በየወሩ አንዱ እየገባ ሌላው በቤቱ እንዲሆን እንዳደረገ ተጽፏል፡፡ ልጁ ሰሎሞንም 30,000 ሰው ወደ ሊባኖስ ለሥራ ሲሰድ 10,000ውን በየወሩ እያፈራረቀ፣ አንድ ወር በሊባኖስ ሁለት ወር በቤት እንዲሆን ሥርዓት ሠራ፡፡ በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት ሠርቶ ያልገባበት፣ ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልበላ፣ ሚስት አጭቶ ያላገባ፣ ልቡም የሚፈራ ሰው ከሰልፍ ፊት ይመለስ ዘንድ ታዟል፤ ይኸውም የሚመለሰው ሰው በሕግ እንዲታወቅ እንጂ በመሸሸግና በእጅ መንሻ እንዳይሆን ነው፡፡ ዳዊት ደግሞ ደክመው በዕቃ ዘንድ የቀሩት 200 ሰዎች ከተዋጉት 400 ጋራ ምርኮውን እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፡፡ ዛሬ ከኋላ ሆኖ ስንቅ የሚያዘጋጅ፣ ቁስለኛ የሚያመላልስ፣ የዘማችን ማሳ የሚያርስ ሰው አገልግሎት እንደ አገልግሎት እንዲቈጠርለት የሚከራከር ሹም ቢኖር ከዚህ የበለጠ ጥቅስ አያስፈልገውም፡፡

በውጭው ዓለም ያሉት መንግሥታትም ይህንኑ በመከራ ተምረውታል፡፡ እንግሊዝ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ወታደሮቿን ያሰናበተችበት ሥርዓት ግልጽ ስላልነበረ በሰፈር ውስጥ ዓመፅ ተነሣ፤ ስለዚህ በሁለተኛው ጦርነት መጨረሻ በ1937 ዓ.ም. የሥራ ሚኒስትሩ ኧርነስት ቤቪን የነደፈው ደንብ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜና ያገለገለበትን ዘመን ደምሮ፣ ሁለት ወር አገልግሎትን እንደ አንድ ዓመት ዕድሜ ቈጥሮ፣ ለእያንዳንዱ የሚሰናበትበትን ተራ ሰጠው፡፡ ወታደሩ ተራውን ያውቃል፤ ጄኔራሉም ሊያሳልፍበት አይችልም፡፡ ፊንላንድ የምትባለው ትንሽ አገር ወጣቶቿን 165፣ 255 ወይም 347 ቀን ብቻ አሠልጥና ወደ ቤታቸው ትሰዳለች፤ በጦርነት ጊዜ ግን 280,000 ሰው ያህል በተመደበበት ክፍል ሊቆም ይችላል፤ እያንዳንዱ አስቀድሞ ቦታውን ያውቃልና፡፡ በተቃራኒው መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ሩሲያ 300,000 ተጠባባቂ ስትጠራ የሚመለሱበትን ቀን አልወሰነችም፤ ኋላም የተጠሩት ሰዎች ሚስቶች ባሎቻችን መቼ ይመለሳሉ እያሉ ወደ አደባባይ ወጡ፡፡ ዩክሬንም ብትሆን በ2016 ዓ.ም. የመጠሪያውን ዕድሜ ከ27 ወደ 25 ዝቅ ስታደርግ፣ ከ36 ወር በኋላ ስለ ማሰናበት የቀረበው አንቀጽ ከአዲሱ ሕግ ወጣ፡፡ አገሯ በወረራ ላይ ስለ ሆነች የሚፈርድባት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው በምሽግ ውስጥ አልሞተም፡፡ በጎረቤት አገር በኤርትራም በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ 18 ወር ተብሎ የተወሰነው ብሔራዊ አገልግሎት ከ1990ው ጦርነት በኋላ ማለቂያ አጥቶ፣ አንድ ትውልድ ወጣት ባሕርና በረሓ እያቋረጠ ተሰደደ፡፡

ኢትዮጵያም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የማሰናበትን ነገር ሦስት ጊዜ አይታዋለች፡፡ በመጀመሪያው ጊዜ ከ400,000 የሚበልጥ የቀድሞ ጦር አባል ተበትኖ፣ እርሱን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የሚመልስ ኮሚሽን በ1983 ዓ.ም. ተቋቋመ፡፡ የተበተነውን ሰው እንደ ተሸናፊ ብቻ ያየው ብዙ ነበር፡፡ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ተነሣና፣ መድፍ ማነጣጠር፣ አውሮፕላን ማብረር፣ ታንክ መጠገን የሚያውቀው ያው የተበተነው ሰው እንደ ገና ተፈለገ፡፡ ተጠርቶም መጣ፡፡ ሰው በአንድ መንግሥት ዘመን ያገኘው ጥበብ የአገር ገንዘብ መሆኑን ያን ጊዜ ሁሉ አወቀ፤ ሆኖም ማን የት እንዳለ የሚገልጽ የተሟላ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ፍለጋው በሬዲዮ ማስታወቂያና በሰው በሰው ባልሆነ ነበር፡፡ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጄርስ ሰላም ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ወደ 150,000 የሚጠጋ ወታደር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሰናበተ፤ ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው በተሻለ ሥርዓት የተፈጸመ ነው፡፡ ሦስተኛው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ምክንያት የመጣው ነው፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አቅም ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ ቀረበ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ልክ በዓመቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፡፡ ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ወደ ኑሮ ሊመልሳቸው ያቀዳቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370,000 በላይ ናቸው፡፡ በጥቂት ቀናት የሚሰበሰብ ሰው በስንት ዓመት እንደሚመለስ ከዚህ ቍጥር መገመት ይቻላል፡፡

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሹማምንትና በካህናት እጅ ያለ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መርዶ ነው፡፡ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ከየመንደሩ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ብዙ ነው፤ ከእነዚህም ሞቱ ለቤተሰቡ በሥርዓት ያልተነገረለት ብዙ ነው፡፡ ሞቱ ያልታወቀ ሰው አይለቀስለትም፤ ፍትሐት አይደረግለትም፤ አርባውና ሰማንያው አይቈጠርም፤ ተዝካሩ አይወጣም፡፡ ሚስቱ መበለት አትባል፣ ባለ ባል አትባል፡፡ ሌላ ላግባ ብትል ካህኑ ባልሽ በሕይወት ቢኖርስ ይላታል፤ አላገባም ብትል የሚያርስላት የለም፡፡ መሬቱን ለልጁ ላውርስ ብትል የሞት ማስረጃ አምጪ ትባላለች፤ ማስረጃውን የሚሰጠው ክፍል ደግሞ ከፈረሰ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፡፡ ለልጅ አልባሳትና ለትምህርት ቢሆን የተረፈው ጡረታም ከዚሁ ወረቀት ጋራ ተይዞ ይቀራል፡፡ አንዳንዲቱ እናት ልጇ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል እያለች በሯን ሳትቀረቅር ታድራለች፡፡ ይህን የሚያይ ጎረምሳ ሌላ ጥሪ ሲመጣ በምን ልብ ይነሣል? ሹሙ ስለ አገር ፍቅር ቢሰብክለት፣ እርሱ የሚሰማው የዚያችን እናት በር ነው፡፡ ስለዚህ መርዶን በጊዜው፣ በማዕርጉ፣ ከአለቃው ደብዳቤ ጋራ ማድረስ የርኅራኄ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የጦሩ ራሱ ሥራ ነው፡፡

እንግዲህ ወደ ፊት ተጠባባቂ ጦርን የሚመለከት ደንብ ሲዘጋጅ፣ ጥሪ የሚደርሰው ሰው በእጁ በሚቀበለው ወረቀት ላይ የሚጠራበት ቀን እንደ ተጻፈ ሁሉ የሚመለስበትም ቀን ሊጻፍ ይገባል፡፡ ጦርነቱ ከዚያ ቀን ቢያልፍ መንግሥት ሌላውን ተራ ይጥራ እንጂ ያንኑ ሰው አይያዝ፡፡ በግድ ማቆየት ቢያስፈልግ እንኳ ምክንያቱና አዲሱ ቀን በአዋጅ ይነገር፤ የቆየበትም ወራት በደመወዝና በቅድሚያ መሰናበት ይካካስለት፡፡ ሥልጠናው ደግሞ ከገበሬው ወራት ጋራ ይስማማ፡፡ በገፈርሳና በሆለታ፣ በሱሉልታና በሰበታ አካባቢ ያለ ገበሬ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፤ ከጥር እስከ መጋቢት ግን ጥቂት ፋታ አለው፡፡ በእነዚህ ወራት በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በአቅራቢያው ሰፈር ቢሠለጥን፣ አለቃውን ያውቃል፤ ጓደኛውን ያውቃል፤ መሣሪያውም እንግዳ አይሆንበትም፡፡ በድንገት ለሦስት ወር ተሰብስቦ ከመሠልጠን ይህ ይበልጣል፤ ወጪውም ያንሳል፡፡ ለየወረዳው የሚሞላ ቍጥር ብቻ ቈርጦ መስደድ ግን ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል፤ ቍጥር የታዘዘ ሹም ሰው ይይዛል እንጂ ወታደር አይመርጥምና፡፡ ማን እንደሚቀርም በግልጽ ይጻፍ፤ ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ፣ ሕፃናት የሚያሳድግ ብቸኛ አባት፣ በሽተኛ፣ ተማሪ፣ ዲያቆን ወይም ካህን የሚቀርበት ወይም በሌላ አገልግሎት የሚተካበት ሕግ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ ደጅ ተነብቦ የታወቀ ከሆነ፣ ለእጅ መንሻ ቦታ አይኖርም፡፡

ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በወረዳው ጸሐፊ መዝገብ ላይ ነው፡፡ የሰውየው ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ የሚያውቀው ሥራ፣ የተጠራበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ ሳይመለስ ቢቀር ወሬው የሚደርሰው ለማን እንደ ሆነ፣ ማሳውን በዚህ ዓመት ማን እንዳረሰለት ይጻፋል፡፡ ከመዝገቡም አንዱ ግልባጭ በወረዳው፣ አንዱ በጦር ክፍሉ ይቀመጣል፡፡ ሦስተኛው ለደብሩ አለቃ ወይም ለመስጊዱ ሽማግሌ ይሰጥ፤ መሥሪያ ቤት ሲፈርስና ሲሠራ በመንደሩ የማይነሡት እነርሱ ናቸውና፡፡